የትልቁ ሮቦት ጠንካራና ደካማ ጎን

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 2004

ዛሬም ክኒኑን ተፋው። ትናንት ከትራሱ ሥር ሁለት አግኝቼ ነበር፤ ዛሬ ግን ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የተፋው። መደበቁን ትቷል ማለት ነው። ይሄንን እንደ መሻሻል ልቁጠረው?

ባሌን ስትሮኩ ከመታው ሦስት ሳምንት ከሁለት ቀን ሆነው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም፣ አፉም ትንሽ ተጣሟል። ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙ በር ላይ አስቁሞ ሁለት ነገር ነገረኝ። የግፊት ክኒኑን ካቋረጠ ሁለተኛው ይመጣል፣ ሁለተኛው ደግሞ አይምረውም። እጁን በነዚህ ወራት ካላንቀሳቀሰው እንደታጠፈ ደርቆ ይቀራል። ጌታሁንም አጠገቤ ሆኖ ሰምቷል፤ ጆሮው ደህና ነው።

የቀረችው ቃል አንዲት ናት። ይብቃ። ሾርባ ስሰጠው ይብቃ፣ እግሩን ሳሽለት ይብቃ፣ ልጃችን ከአዳማ ደውላ ስልኩን ጆሮው ላይ ስይዝለት ይብቃ። ሃያ ስምንት ዓመት ዶዘር የነዳ፣ በገለምሶና በበደሳ በኩል ስንት ተራራ የገፋ ሰው፣ አሁን አልጋው ላይ ሆኖ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። ሞት እየጠበቀ ነው። እኔ ጠዋት ስድስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምሬ እመለስና ከሰዓት እሱ ሞት ሲጠብቅ እጠብቀዋለሁ። ተናድጃለሁ። በእሱም፣ ይቅር ይበለኝና በጌታም።

ከሰዓት ግን አንድ ነገር ሆነ። የሰርቪስ ክፍላችን ተከራይ ረመዳን ጌም ቤቱን ዘግቷል፤ አከራዩ ቤቱን ለጫት ነጋዴ ሰጠበት። በሚመጣው ማክሰኞ ድሬዳዋ አጎቱ ጋ ሊሄድ ነው። እስከዚያ ቴሌቪዥኑንና የጌም ማሽኑን ሳሎናችን ላስቀምጥ ብሎ ለመነኝ። የእሱ ክፍል ከአልጋውና ከራሱ በላይ አትይዝም። እሺ አልኩት። የጌታሁንንም አልጋ ሳሎን ካወጣነው ወዲህ ሳሎኑ መጋዘን መስሏል።

ዕቃው በጋሪ ሲመጣ ስለተንገጫገጨ፣ ይሠራ እንደሆነ ሊሞክረው ሰካው። የግዙፍ ሮቦቶች ውጊያ ነው። ፎቅ የሚያክል የብረት ሰውዬ፣ ደረቱ ውስጥ የተቀመጠ ሹፌር እየነዳው፣ ሌላውን የብረት ሰውዬ ይደበድባል። ሽፋኑ የሩቅ ምሥራቅ ፊደል ስለሆነ ስሙን ረመዳንም አያውቀውም። ኩሽና ሆኜ ድምፁን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሕመምተኛ ባለበት ቤት! ላስጠፋው ስገባ ጌታሁን ፊቱን ከግድግዳው መልሶ ስክሪኑን ያያል።

የረመዳን ሮቦት ቁልቁለት በሩጫ እየወረደ ነበር። ጌታሁን ጉሮሮውን ጠረገ። አፉ ታገለ።

"ማርሽ... ቀንስ" አለው።

ሁለት ቃል። ረመዳን ማርሽ የለውም ሊለው ሲል በዓይኔ ዝም አሰኘሁት። እሺ ኦቦ፣ ቀንሻለሁ አለ። እኔ ወደ ኩሽና ተመልሼ ለምን እንደሄድኩ ጠፋኝ፤ ማንኪያ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ጎረቤቴ ዘይነባ ጠዋት ጠዋት ትጠብቅልኛለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ሪፖርቷን አቀረበች። ክኒን ተፍቷል። ገንፎ ሦስት ማንኪያ። ይብቃ አራት ጊዜ።

ረመዳንን ራሴ ጠራሁትና ጌሙን ክፈትልኝ አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። ለዓመታት ከግቢ ሲወጣ ሲገባ ስለዚያ ጌም ቤት ያላልኩት ነገር የለም፤ የልጆች አእምሮ ማበላሻ ብዬዋለሁ። ቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ ሁሉ እዚያ ነበር የሚገኘው። አሁን ሰምጬ የያዝኩት እሱን ነው።

ሮቦቶቹ ብዙ ናቸው። የከተማችን የጭሮ ልጆች ስማቸውን ማንበብ ስላልቻሉ የራሳቸውን አውጥተውላቸዋል። የሚወዷት "ቀጭኗን" ነው፤ ትበራለች፣ ሰይፍ አላት። የማይፈልጉት "ጉዳን"፤ በኦሮምኛ ትልቁ ማለታቸው ነው። ጉዳ አይሮጥም፣ አይዘልም፣ ለመዞር እንኳ ጊዜ ይወስዳል። ጌታሁን የግራ እጁን ጣት ወደ ጉዳ ቀሰረ። ረመዳን እሱ ደካማ ነው፣ ማንም ይጥለዋል ብሎ ሊያስተወው ሞከረ። ጣቱን አላነሳም።

መጫወቻውን ጭኑ ላይ አደረግንለት። ሁለት ትንንሽ ዘንጎች አሉት፤ የግራው ያስኬዳል፣ የቀኙ ዙሪያውን ያሳያል። ቀኝ እጁን እኔ አንስቼ አስቀመጥኩለት፤ እንደ ባዶ ጓንት ተኛ። በግራው ብቻ ነዳ። ሦስት እርምጃ ሄዶ ተመታ፤ ወደቀ። ስክሪኑ ጠቆረና ቁጥር መጣ። አሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት። ምንድነው ስል ረመዳን፣ ትቀጥላለህ ወይ እያለ ነው፣ ካልተጫኑት ያበቃል አለኝ። ሊጫንለት እጁን ሲዘረጋ ያዝኩት። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ሰባት። ስድስት። ጌታሁን ቁጥሩን ያያል። አምስት። የተማሪ ፊት በማንበብ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ይሄን ፊት ግን ማንበብ አቃተኝ። ሦስት። ሁለት ላይ ተጫነው።

አሥራ አንድ ጊዜ ተሸነፈ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ተጫነው። ሲመሽ ክኒኑን ሰጠሁት፤ ዋጠው። ምላስህን አንሳ ብዬ ላረጋግጥ አሰብኩና ፈርቼ ተውኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

መብራት የለም። ቀኑን ሙሉ።

ጌታሁን ጥቁሩን ስክሪን አየ፣ ከዚያ ግድግዳውን። እጁን ላሽለት ስል ነጠቀኝ። በግራው ነው የነጠቀኝ እንጂ ቀኙማ የት አለ። መብራት ኃይል ለማን አቤት ይባላል? የባሌ ትንፋሽ በእናንተ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል ይባላል? ክኒን ግማሹን ዋጠ፣ ግማሹ አገጩ ላይ ቀለጠ። ግማሽ ይቆጠራል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

መብራት መጣ። ጌታ ይመስገን፤ ዛሬ ከልቤ ነው።

ሱፐርቫይዘር ክፍል ገብቶ ሲያየን የሚሞላው ቅጽ አለ። ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን። በግምገማ ጊዜም እንደዚያው ነው። ስንት ዓመት ተሞልቶብኛል፣ እኔም በጀማሪዎች ላይ ሞልቻለሁ። ዛሬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ለዚህ ጌም ሞላሁለት። ሐሳቡ ከጌታሁን ነው፤ በቁርጥራጭ ቃልና በጉምጉምታ የነገረኝን እኔ አቃናሁት።

ደካማ ጎን፦
ነዳጅ አይጨርስም። (ይሄ በጣም አናድዶታል።)
አቧራ የለም። ያን የሚያክል ብረት ረግጦ አፈር አይነሳም።
ጭቃ አይውጠውም፣ ተዳፋት አይንሸራተትበትም። "ውሸት መሬት" አለው። ሁለት ቃል!
ቤት ያፈርሳል፤ ቤቱ ውስጥ ማን እንደነበረ አይነገርም። (ይሄኛው የእኔ ነው።)
ያለ ምክንያት ይጮኻል።

ጠንካራ ጎን፦
ጉዳ ክብደት አለው። ቀጭኗ አንዴ ከተነካች ትወድቃለች፤ ጉዳ አራት አምስት ጊዜ ተመትቶም ይቆማል።
ማሽኑን ዞረህ ማየት ትችላለህ።

ይሄ የመጨረሻው ያስቀኝም ያስለቅሰኝም ጀመር። ኦፕሬተር ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ማሽኑን አንድ ጊዜ ዞሮ ያያል፤ ዘይት ያፈሰሰ፣ ብሎን የላላ እንደሆነ። ጌታሁን ጉዳንም እንደዚያ ሳያደርግ አይነሳም። የቀኙን ዘንግ በግራ እጁ ተሻግሮ እየገፋ ከኋላ፣ ከጎን፣ ከእግር ያየዋል። እስከዚያ ጠላት ይቀጠቅጠዋል። ረመዳን ራሱን ይዞ ኦቦ፣ ይምቱት እንጂ፣ ምን ያዩታል ይላል። ጌታሁን አይሰማውም። ማታ ሥራ ሲያበቃም የራሱ ሕግ አለው። ዶዘር አካፋው በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ትተኸው አትወርድም፤ መሬት ታስነካለህ፣ ከዚያ ታጠፋለህ። ጉዳ አካፋ የለውም፣ ሁለት እጆች ነው ያሉት። ሲንበረከክ ግን ክንዶቹ መሬት ይነካሉ። ሳይንበረከክ ጌሙ እንዲጠፋ አይፈቅድም። ለዚህም የግራውን ዘንግ ወደ ታች ይዞ፣ ከቀኝ በኩል ያለውን ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም። እሱ ዘንጉን ይይዛል፣ ረመዳን ቁልፉን ይጫንለታል።

ክኒን፦ ጠዋትም ማታም ዋጠ። ሙሉውን።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ዛሬ የምጽፈው በንዴትና በሌላም ነገር ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጡ፣ ሦስት ሆነው፣ ጋሽ ማቴዎስ ከፊት። ረመዳን ጁምዓ ሄዷል። ጌታሁን እየተጫወተ ነበር። እንግዶቹ ሶፋው ላይ ተደርድረው በጉዳና በመጽሐፍ ቅዱሳቸው መካከል ዓይናቸውን ያመላልሳሉ። አፈርኩ፣ አልዋሽም። ለእጁ ልምምድ ነው፣ ሐኪሙ... ብዬ ጀመርኩና ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አቃተኝ።

ጋሽ ማቴዎስ ክፉ ሰው አይደሉም። አባቴን የቀበሩት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግን እሱ በሚሰማው ልክ፣ እንዲህ አሉኝ፦

"እህት ብርሃኔ፣ አንዳንዴ ፍቅር መያዝ አይደለም። ወንድማችን በሰላም ወደ ጌታ እንዲሄድ ልቀቂው። ዛሬ ለዚያ እንጸልይ።"

አልለቀውም ማለት ፈለግሁ። ፊቴን ወደ ጌታሁን አዞርኩ። ሰምቷል። መጫወቻውን አቁሟል።

ጋሽ ማቴዎስ ይሄንን ነገር አጥፉልንና እንጸልይ አሉ። ሄጄ ሶኬቱን ልነቅል ስል "ተይ" አለኝ። ጉዳ ቆሟል፤ ክንዶቹ አየር ላይ ናቸው። ገባኝ። እኔ ልጫንልህ ብዬ ወደ ቁልፉ እጄን ስዘረጋ አሁንም "ተይ"። የግራውን ዘንግ ወደ ታች ያዘ። ከዚያ ቀኝ እጁን ማየት ጀመረ፤ የሰው ዕቃ የሚያይ ይመስላል።

ሽማግሌዎቹ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው ይጠብቃሉ። አንዱ ሰዓቱን አየ። የጌታሁን ግንባር አላበው፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ አንገቱ ላይ ጅማት ተነሳ። የደም ግፊቱ ሊወጣበት ነው ብዬ ፈራሁ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ለአንድ ቁልፍ! ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ አምስት ደቂቃ፣ አሥር። ሌባ ጣቱ ተንቀሳቀሰች። መጀመሪያ የመጫወቻው መንሸራተት መሰለኝ። እንደገና ተንቀሳቀሰች። ጉዳ ተንበረከከ፣ ክንዶቹ መሬት ነኩ።

ጌታሁን መጫወቻውን ለቀቀ። አሁን ትችላላችሁ እንደማለት ጋሽ ማቴዎስን አያቸው።

እሳቸው ግን አልቻሉም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ለጣት ጸለዩ። እውነቴን ነው፣ ለቀኝ እጁ ሌባ ጣት፣ በስም ጠርተው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ጣቷ ዛሬ አልተንቀሳቀሰችም። ከጠዋት ጀምሮ ሞከረ፤ የለችም። በማሽኑ ላይ ዘጠኝ ጊዜ ተሸንፎ መጫወቻውን ገፋው። ቁጥሩ ቆጥሮ ዜሮ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ አየው። የመጀመሪያ ጊዜው ነው። እኔም ቁጥሩ ሲያልቅ ከውስጤ አንድ ነገር አለቀ።

ማክሰኞ ረመዳን ይሄዳል። ሦስት ቀን ቀረኝ። ቆይልኝ ልለው አሰብኩ፤ ግን ይሄ ማሽን እንጀራው ነው፣ ድሬዳዋ አዲስ ቤት ሊከፍትበት ነው። የሰው እንጀራ ይዞ ማልቀስ አይሆንም።

ስለዚህ ጌታሁንን በሁለት መጫወቻ እንጋጠም አልኩት። እኔ ቀጭኗን ያዝኩ። ረመዳን አጫዋወቱን በደንብ አሳየኝ። ከዚያም ተሸነፍኩ። ሆን ብዬ። ቀጭኗን ጉዳ ፊት አቆምኩና ተውኳት። ሲመታት ወደቀች። ጌታሁን ቀና አለ። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም። በአራተኛው የተጣመመው አፉ ፈገግ አለ። ሾርባውን ጨረሰ፣ ክኒኑን ራሱ አፉን ከፍቶ ተቀበለ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር ለአንድ ልጅ ግማሽ ማርክ ጨምሬ አላውቅም። እናቶች አልቅሰውብኛል፣ ዲሬክተር ለምኖኛል፣ አልጨመርኩም። ተማሪዎች በድብቅ "ዜሮዋ" ነው የሚሉኝ፤ የማላውቅ ይመስላቸዋል። ዛሬ ለባሌ ስድስት ጊዜ ሙሉ ማርክ ሰጠሁት። ጸጸት የለኝም። ክኒኑን ውጧል።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም።

ከሰዓት ሁለት ጊዜ "ተሸንፌ" ሦስተኛውን ስንጀምር ጌታሁን መጫወቱን አቆመ። ስክሪኑን ትቶ እጆቼን ያያል። ለካ ሃያ ስምንት ዓመት ረዳት ያሠለጠነ ሰው ፊት አይደለም የሚያየው፣ እጅ ነው። ጀማሪ ዘንጉን ሲፈራ እጁ ላይ ይታወቃል ይለኝ ነበር፤ ዛሬ የእኔ አውራ ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ተኝተዋል። በግራ እጁ አንጓዬን ይዞ አገላበጠው። የሞተ ጣት እሱ ያውቃል፤ የእኔ አልሞተም።

"ውሸት" አለ።

ልክድ ሞከርኩ። ደክሞኝ ነው አልኩት። ረመዳን ነገሩን ያውቅ ስለነበር ጫማውን ፈልጎ ወጣ። ጌታሁን መጫወቻውን ከጭኑ ገፍቶ መሬት ላይ ጣለው። ጉዳ ክንዶቹ እንደተንጠለጠሉ ቀረ። ግድ አልሰጠውም፤ ዞሮ ተኛ። ከሁሉም ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ክኒኑን ተፋ። ሾርባውን አልነካም።

ምን አደረግሁ? ያ ሰው ለአንድ ጣት ሽማግሌ አስጠብቆ ላቡን አንጠፍጥፎ ነበር። እኔ በማግሥቱ ላብህ አያስፈልግም፣ እኔ እወድቅልሃለሁ አልኩት። ጋሽ ማቴዎስ ልቀቂው አሉኝ ብዬ ተቆጣሁ፤ የለቀቅኩት ግን እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ጥርሱን ነክሶ ዋለ። ውሃ እንኳ በግድ ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ ግፊቱን ለካችና ፊቷ ተለወጠ። እንደገና ለካች። ክኒኑን እየወሰደ ነው ወይ አለችኝ፤ አይደለም አልኩ። እህቴ፣ በዚህ ከቀጠለ ቀን ነው የሚቆጠረው አለችኝ በር ላይ። የክፉ ወሬ ቦታ የእኛ በር ሆኗል።

ዘይነባ ዘዴ ነገረችኝ። ክኒኑን ፍጪው፣ ማንጎ ጁስ ውስጥ ጨምሪው፤ አማቷን እንዲያ አድርጋ ነው ያቆየቻቸው። ፈጨሁ። ጨመርኩ። በደንብ አማሰልኩት። ከንፈሩ ጋ አደረስኩት፣ ትንሽ ከፈተ፤ ለጁስ ነው የከፈተው። እጄ እዚያው ቀረ። ቢጠጣ ይተርፍ ይሆናል። ቢያውቅብኝ ግን ከእንግዲህ ከእጄ ውሃ አይቀበልም፤ ያኔ በምን አተርፈዋለሁ? እሱ ደግሞ ያውቃል። እኔ ውሸት አልችልበትም፣ ልምዱ የለኝም።

"ክኒን አለበት" አልኩት።

አፉን ዘጋ። ብርጭቆውን ይዤ ቆሜ ጁሱ እንዴት ያማረ ቢጫ እንደሆነ አየሁ። ከዚያ ደፋሁት። ጠቢብ ሆኜ ነው ወይስ ባሌን እየገደልኩ? የሚነግረኝ የለም። ጸለይኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ከተማው በሙሉ ቆሻሻ ያቃጥላል፤ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ጭሱ በመስኮት እየገባ ነው። ትምህርት ቤት አስፈቅጄ ቀርቻለሁ።

ረመዳን ሚኒባሱ ዘጠኝ ሰዓት ነው አለኝና ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። ተው ቆይ አልኩት፤ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ለጌታሁን እንዲህ አልኩት፦ አዎ፣ ዋሽቼሃለሁ። ስድስት ጊዜ ቅዳሜ፣ ሁለት ጊዜ ከትናንት ወዲያ። ፈርቼ ነው። ከእንግዲህ ግን ብትሞትም አልዋሽህም። ብትሞትም የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ረመዳን አጎነበሰ።

ፊቱን ከግድግዳው አላዞረም። ስለዚህ ብቻዬን ከማሽኑ ጋር ጀመርኩ፤ ቀጭኗን ይዤ፣ የምሬን። ለካ አልችልም! ገደል ገባሁ፣ የራሴን ሰይፍ ግድግዳ ውስጥ ሰካሁ። ረመዳን ሳቁን ዋጠ። ስድስተኛው ላይ ግን ጣቶቼ መስመር ያዙ፤ አንድ ጣልኩ። ዞር ስል ጌታሁን ግድግዳውን ትቶ እጆቼን ያያል። በግራው ትራሱን ሁለቴ መታ። መጫወቻውን ስጡኝ ነው።

ተጋጠምን። ራራሁለት? ጌታ ምስክሬ ነው፣ አልራራሁም። ጉዳን ዞሮ ሲያይ ከኋላ መጥቼ ጣልኩት። ሁለተኛውን ጣልኩት። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ልቤ ይወጋኛል፣ አውራ ጣቴ ይሠራል። ቁጥሩ በመጣ ቁጥር ተጫነው። በአምስተኛው ጉዳን በሁለት ገደል መካከል ያለች ጠባብ መንገድ ላይ አስገባና በግራው ዘንጉን ያዘ። ሌባ ጣቷ ተንቀሳቀሰች። ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ጉዳ ተንበርክኮ መንገዱን ዘጋ፤ በጎንም በኋላም መግቢያ የለኝም። ሰይፌን ይዤ ሦስት ጊዜ ወደ ፊቱ በረርኩ፣ ሦስቴም ተፈነገልኩ። በመጨረሻ ግን ከላይ ወርጄበት አሸነፍኩት፤ ለጥቂት። ሁለታችንም አልቦናል። ጌታሁን ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል እየገፋ ተናገረኝ።

"እጅሽ... ጥሩ ነው። ትቸኩያለሽ።"

ጠንካራና ደካማ ጎኔ። ለረዳቶቹ ሲነግራቸው በነበረው ድምፅ ነው የነገረኝ።

ስምንት ተኩል ላይ ረመዳን ማሽኑን ነቀለ፣ ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቀለለ። የጌታሁንን ቀኝ እጅ በሁለት እጁ ይዞ በኦሮምኛ መረቀው፣ አላህ ያሽርልኝ አለ። ጋሪው ወጣ። ሳሎኑ ውስጥ ባዶ ጠረጴዛና የጭስ ሽታ ቀረ።

ማታ ክኒን ሰጠሁት። እጄን ገፋው። አልተፋም፣ አልዋጠም፤ ገፋው። ማሽን የለም፣ ጉዳ የለም። አለቀልኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

ዛሬም አልሄድኩም፤ ምን ብዬ አስተምራለሁ።

ጠዋት ውሃና ክኒን ይዤ ቀረብኩ። ከማሸጊያው አውጥቼ መዳፌ ላይ አድርጌዋለሁ። አሁንም ገፋው። ክኒኗ ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀች። ተንበርክኬ ልለምነው አሰብኩ፤ ለምኜው አላውቅም። ጌታሁን፣ አልኩት፣ ምን ላድርግ? ምን ልሁንልህ?

ግራ እጁን ዘርግቶ ማሸጊያውን ከእጄ ወሰደ። ክኒኖቹ ገና ውስጡ ያሉበትን። ሊወረውረው ነው ብዬ ጠበቅሁ። ደረቱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ ላዩ ላይ አደረገ። አውራ ጣቱን አንዷ ክኒን ላይ አስተካከላት። ማሸጊያውን በግራው ከሥር ደግፎ፣ በቀኙ መጫን ጀመረ።

ያ አውራ ጣት ሞቷል፤ ስትሮኩ ከመታው ወዲህ አንድ ቀን ተንቀሳቅሶ አያውቅም። ተንሸራተተ። መለሰው። ተንሸራተተ። ላውጣልህ የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። እጆቼ እንዳያመልጡኝ ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። ከውጭ ዘይነባ ጠራችኝ፣ አልመለስኩም። የትምህርት ቤቱ ደወል ተሰማ፤ ያ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው። ሁለተኛውም ደወል ተሰማ።

ማሸጊያው ጠሽ አለ። ክኒኗ ተፈናጥራ ወጣች፣ ደረቱ ላይ አንድ ጊዜ ነጠረች፣ መሬት ወደቀችና አልጋው ሥር ተንከባለለች።

በሆዴ ተኝቼ አልጋው ሥር ገባሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረች ሴት፣ ከአቧራና ከአሮጌ ካልሲ ጋር። አገኘኋት፤ ቆሽሻለች። እዚያው እንዳለሁ ከላይ ማሸጊያው ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ለመውጣት ስንቀሳቀስ ድምፁ መጣ፣ የተቆጣ ድምፅ።

"ቆይ። ሌላ አወጣለሁ።"

ቆየሁ። ይሄ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አልጽፍም። ስወጣ ሁለተኛዋ ክኒን ደረቱ ላይ ነበረች፤ በግራው አንስቶ አፉ ውስጥ አደረጋት፣ ውሃውን በእጁ ጠቆመኝ። ዋጠ። ነገ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። የዛሬዋን ግን ውጧል።